ጎል ከጎረቤት ሲሰማ

ኳስ አልወድም። ጎረምሳ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጥራት ለማይችለው የሰው አገር ሰው ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ ምኑ እንደሚጥመው ዛሬም አልገባኝም። የሟቹን የባለቤቴን የያህያን ጨርቅ ሱቅ የኳስ ማሳያ ያደረግሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ሙዓዝን ከቤቱ እንዳይወጣ ለማድረግ። ይህን ከማንም ደብቄው አላውቅም። "እትየ ራጂያ፣ እርሰዎም በስተርጅና ኳስ ጀመሩ?" እያሉ የሚያሾፉብኝን "ምን ላርግ፣ ልጀን በገመድ ማሰር ቢያቅተኝ በኳስ አሰርሁት" እላቸው ነበር።

ታላቁ ልጄ አብዱሰመድ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ቀርቷል። "እማየ፣ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ፤ ነገ እንሻገራለን" ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልነሳ አለ። ሞተ ብሎ ያረዳኝ የለም፤ አለ ብሎ ያበሰረኝም የለም። አጎቱ "እንግዲህ በሌለበት ይሰገድበት" ቢል ከቤቴ አባረርሁት። ልጄ ሞቷል ብሎ ማን ነገረህና ነው ሶላት የምታሰግድበት? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እኔ ሁለት ነበሩኝ፤ አንድ ቀረኝ፤ እንቅልፉም በዚያው ሄደ።

ሙዓዝ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ "መንገድ" የምትል ቃል ማዘውተር ጀመረ። "እገሌ በመንገድ ላይ ነው"፣ "እገሌ መንገዱን ጨርሶ ገባ" ይላል። እኔ ያችን ቃል ስሰማ የያዝሁት ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። አንድ ቀን "ምን ብታገኝ ነው ከእኔ ጋር የምትቀመጠው?" ብየ ጠየቅሁት። አላፈረም፤ "ኳስ ቤት ብትከፍችልኝ" አለኝ። የቀረውን ጨርቅ በጅምላ ሸጥን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛን፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ ተከልን፣ በየወሩ የሚከፈልበት ዲኮደር አስገባን። አናጢ ጠርተን አግዳሚ ወንበር አሠራን። እኔ ደግሞ ጓዳ ሆኜ ሳምቡሳ መጥበስና ሻይ ማፍላት ያዝሁ።

ሠርቶልን ነበር። እኛ ቤት መጠጥ የለም፤ ጫትም አይገባም። ስለዚህ እናቶች "ኳሱን ካየህ አይቀር እትየ ራጂያ ቤት እይ" እያሉ ልጆቻቸውን ይልኩልኛል። ለገበያ ከጅጋ የሚመጡ ገበሬዎችም ዕቃቸውን ሸጠው ሲያበቁ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ይገባሉ። ከግድግዳችን ወዲያ የጋሽ ወንዳወቅ ግሮሰሪ አለ። ግድግዳው የጋራ ነው፤ ጭቃ ነው፤ እዚያ ያስነጠሰውን እዚህ "ይማርህ" ማለት ይቻላል። እሱ ኳስ አያሳይም፤ እኔ ቢራ አልሸጥም። ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ኖረ።

ቀኑ ከፋ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሰዉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ መግባት ለመደ፤ የማታውን ጨዋታ የሚያይ ጠፋ። የዲኮደሩ ክፍያ ደግሞ ሰው ባነሰ ቁጥር ይጨምር ጀመር። ሙዓዝ በወር በወሩ ፊቱ ይጠቁራል። ይኸኔ ነው ቢያዝን ቦክሱን ይዞ የመጣው።

ቢያዝን ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየን የአዴት ልጅ ነው፤ ዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጥፋቱ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ለእረፍት አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ ከሳሙና የማትበልጥ ጥቁር ነገር ለሙዓዝ አመጣለት። ሁለቱ ተንበርክከው ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሲጎለጉሉ ቆዩና ሙዓዝ ጠራኝ።

"እማየ፣ ነይ ይኸን እይ። ዲሽ የለ፣ ካርድ የለ፣ የወር ክፍያ የለ። ኔት ካለ ያለም ኳስ ሁሉ እዚህች ውስጥ ነው።"

"ኔት ከሌለስ?"

"ኔትማ አለ።"

"እትየ ራጂያ፣ ዲሽ እኮ አልፎበታል" አለ ቢያዝን። "አዲስ አበባ ሰዉ ሁሉ በስትሪም ነው የሚያየው። እናንተ ገና ለሰማይ ትከፍላላችሁ።"

ሁለቱንም ልቆጣ አፌን ስከፍት ሙዓዝ አንድ ነገር ነካ፤ ካዕባ መጣ። በቀጥታ፤ ሰዉ ሲዞር። አንዲት አሮጊት በልጇ ክንድ ተደግፋ ስትራመድ ከሰዉ ለይቼ አየኋት። እኔ ሐጅ የማደርግ ሰው አይደለሁም፤ አቅሙም ተስፋውም የለኝም። እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብየ አለቀስሁ። ሙዓዝ እየሳቀ "ሶላት ስትጨርሺ ሁሌ እከፍትልሻለሁ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ክርክር አለ? ያለችንን ጥሪት አሟጠን የኔቱን ገመድ አስገባን፤ የዲኮደሩን ክፍያ አቆምን።

ዲሹ ጣሪያ ላይ ቀረ። አንድ ቀን ጋሽ ወንዳወቅ በር ላይ አገኘኝና ወደ ላይ አንጋጦ፣ "እትየ ራጂያ፣ ይች ዲሽ ሥራ ፈትታ ዝናብ ሊበላት ነው መሰል" አለኝ። ሰውየው ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ እኔም ቀጥታ ካልተነገረኝ አይገባኝም የምል ሰው አይደለሁም።

"ለምን ዝናብ ይበላታል፤ ውሰዳት እንጅ።"

"ዋጋዋን ይቁረጡልኝና..."

"ወግድልኝ!" አልሁት። "ያህያ የሞተ ለት ካባቶቻችን ጋር ጉድጓድ ስትቆፍር የዋልህበትን ዋጋ ስንት ብለህ ቆረጥህልኝ?"

ሙዓዝም ደስ አለው። ራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ነቀለ፤ ራሱ የጋሽ ወንዳወቅ ቆርቆሮ ላይ ተከለለት፤ ሥዕሉ ጥርት እስኪል ሲያዞር ዋለ፤ ዲኮደሩንም አስረከበው። ግሮሰሪው እንደሚጎዳን አላሰብንም። የእሱ ሰው ጠጪ ነው፤ የእኛ ሰው የማይጠጣ ነው፤ ማን ማንን ይነካል ብለን። ጎረቤት ሲያገኝ እኛም ደስ ይለናል ብለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምትባለዋን ሴት ሰው ሲተርታት እስቅ ነበር፤ ለካ እሷ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቤቱ ከሞላ ሰንብቶ ነበርና ያን ቀን ግጥም ሲል ልቤ ሞቀ። ከሳምቡሳው ጋር ብቅ ብየ ሙዓዝን አየሁት፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ ትከሻው ቁርጥ ያባቱን መስሏል። ቦክሱ ያመጣው ሥዕል ያምራል፤ ሣሩ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ሰዉ ዝም ብሎ አፍጥጧል። በእኛ ቴሌቪዥን ኳሱ ገና በረኛው እግር ሥር ነው። ድንገት ከግድግዳው ወዲያ "ጎ...ል!" ብሎ ያ ሁሉ ጠጪ ግሮሰሪውን አናወጠው። ጠረጴዛ ሲደበደብ፣ ጠርሙስ ሲንኳኳ ይሰማል።

የእኛ ሰዎች ሁሉ ግድግዳውን ዞረው አዩ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን። በረኛው ኳሱን ለቀቀው፤ አንዱ ለአንዱ ሰጠ፤ ያም ለሌላው።  ኳሱ ዞሮ ዞሮ መረብ ውስጥ ገባ። ለመጮህ አንድ ሰው አልተነሣም። የደረሰ ነገር ነው፤ ምን ይጮኻሉ?

ከጅጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ "ይኸ የናንተ ኳስ የትናንት ነው እንዴ ልጆች?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። የሙዓዝን ፊት ሳይ ነው ሳቄ የጠፋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጎል ገባ፤ ሁለቱም መጀመሪያ ከጎረቤት መጡ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሙዓዝ ቢያዝንን ጓሮ ድረስ ሄዶ ይዞት መጣ። ቢያዝን ቦክሱን አገላብጦ አየ፤ ገመዱን ነካካ። "ቦክሱ ጤነኛ ነው" አለ። "ስትሪም ስለሆነ ነው። በዲሽ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ይኸኛው ግን በኔት አገር ላገር ዞሮ ነው የሚመጣ። የግማሽ ደቂቃ ነገር ናት፤ ታግሣችሁ ብታዩ ምንም አይደለችም።"

"ምንም ካልሆነች ያችን ግማሽ ደቂቃ አምጣልን እንግዲህ!" አልሁት።  ለብቻችን ቤት ዘግተን ብናይ እውነትም ምንም አልነበረችም። ዲሹን አጠገባችን የተከልነው እኛው ነን።

በማግሥቱ ሙዓዝ ጋሽ ወንዳወቅ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። "ምን ማለትህ ነው ልጀ! እኔ ዝም አስብላቸዋለሁ" ብሎ ቃል ገባለት። እውነቱን ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታ በሩ ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ "ጎል ሲገባ የጮኸ ሰው ቢራ አላስቀዳለትም" እያለ ሲያስጠነቅቅ በጆሮየ ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ከወዲያ ያለው ሁካታ እንደ ወትሮው ነው። ያወራሉ፣ ይሰድባሉ፣ ያዝዛሉ። ድንገት ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አፉን ያዘ። የእኛዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ገባ" አለ። ሁሉም "ገባ፣ ገባ" ተባባለ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰካራም ሳቁን መቋጠር አቅቶት ፍርፍር አለ፤ እሱን ተከትሎ ግሮሰሪው በሙሉ ሳቀ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያ ዝምታ እኛን ነው የሸጠን። ከዚያ በኋላ ሰዉ ቴሌቪዥኑን ማየት ትቶ ግድግዳውን ያዳምጥ ጀመር። ሙዓዝ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወንበሩን አዛወረ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል? ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሥዕሉ ቀጥ ይልና መሀል ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። ሰዉ እሷን እያየ ሻዩን ይጠጣል።

ሄዱ። አንድ ቀን ሁሉም ተነሥተው ቢሄዱ ምን ነበረበት፤ እነሱ ግን አፍረው አፍረው አንድ በአንድ ነው የሄዱት። በደጄ ሲያልፉ "እንዴት ዋሉ እትየ ራጂያ" ብለው፣ ስለ ቤተሰብ ጠይቀው፣ ቀጥለው ወደ ግሮሰሪው ይታጠፋሉ። የሙስሊም ልጆች እንኳ እዚያ አይገቡም ብየ ነበር። እህተ ማርያም፣ የወንዳወቅ ሚስት፣ ለእነሱ ብላ ከጠጪው በመጋረጃ የተለየ ቦታ አዘጋጀች፤ ቢራ ያልነካው አዲስ ብርጭቆ ገዝታ ሻይ ታፈላላቸው ጀመር። "ልጆቹ ከሰካራም ጋር እንዳይጋፉ ብየ ነው" አለችኝ ራሷ መጥታ። ምርቃት ነበር የጠበቀች። አንጀቴ እርር እያለ መረቅኋት።

በመጨረሻ ዲሹን መልሱልኝ ልል ሄድሁ። ሌላ ለመግዛት አቅም አልነበረንም፤ ያለንን በዚያች ሳሙና በምታህል ቦክስ ላይ አፍስሰነዋል። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ከእናቴ ሆድ ጀምሮ የማውቀው ነውር ነው። ቢሆንም ነውር ከልጄ አይበልጥም ብየ ነጠላየን አጣፍቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ደጁ ደጃፌ ስለሆነ ግን ሳልጨርሰው ደረስሁ።

እህተ ማርያም ስታየኝ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። "እኔ ልመጣ ስል እርሰዎ ቀደሙኝ" አለች። "ያምሮት መጣች እኮ!" ልጇን ጠራቻት። ያምሮት ልቧን የምትታመም ልጅ ናት፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ያቅታት ነበር። በእግሯ ቀጥ ብላ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ፊቷ ደም መስሏል።

"ባሕር ዳር አሳከምናት" አለች እናቷ፤ እንባዋ ቀድሟት። "ክትትሏን እንዳታቋርጥ ተብለናል። በምን አቅማችን እናደርገው ነበር? በእርሰዎ ዲሽ ነው እትየ ራጂያ። ማርያምን፣ በእርሰዎ ዲሽ ነው።"

"አልሐምዱ ሊላህ" አልሁ። የልጅቱን ጭንቅላት ዳበስሁ። ያመጣሁትን ቃል ይዤው ተመለስሁ።

ሙዓዝ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ወዴት እንደሄድሁ ሳልነግረው ገብቶታል።

"ጠየቅሻቸው?"

"አልጠየቅሁም።"

"ደግ አረግሽ" አለኝ። ቢቆጣ፣ ወንበር ቢያነሣ፣ "አንች ነሽ የሰጠሽው" ቢለኝ ምን ነበረበት? እንደዚያ ቀስ ብሎ ደግ አረግሽ ማለቱ አስፈራኝ።

ከዚያ ኔቱ ጭራሽ ጠፋ። አንድ ጠዋት ነው። ሙዓዝ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ነቀለ። ወጥቶ ሲጠይቅ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ጠፍቷል፤ ቡሬም ጠፍቷል አሉ። ነገ ይመጣል የሚል ነበር፤ ለበዓል ይለቁታል የሚል ነበር። የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ዲሽ ያለው ጋሽ ወንዳወቅ ብቻ ሆነ፤ የከተማው ሰው እሱ ደጅ ላይ ይጋፋል። ቢያዝን አንድ ቀን ጓዳየ በር ላይ ቆሞ፣ "እትየ ራጂያ፣ እኔ ነኝ ጉድ የሠራኋችሁ" አለኝ። አይ፣ አንተ አይደለህም ማለት ነበረብኝ። "አዎ፣ አንተ ነህ" አልሁት። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ለማን ልበለው?

ሙዓዝ ጠዋት ጠዋት ይነሣና ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ክቧ ትዞራለች። ብርሃኗ ፊቱን ሰማያዊ አድርጎት ቁጭ ብሎ ያያታል። ካዕባን ክፈትልኝ ማለት ትቻለሁ።

የሰፈሩ ሰው ጉዳችንን አይቶ ዝም አላለም፤ ጋሽ ወንዳወቅም ዝም አላለም። አንድ እሑድ መጥቶ ሻዩን እስኪጠጣ ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ አወራ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "ሰዉ በዝቶብኛል፤ በር ላይ የማምነው ሰው አጣሁ" አለ። "ሙዓዝ ቢቀመጥልኝ... መጠጡን አይነካም፤ እሱን ለኔ ይተውት። በር ላይ ብቻ።"

ሙዓዝ እኔን አየኝ። ምን ፊት እንዳሳየሁት አላውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ቢራ ቤትም ቢሆን እዚሁ ነው፤ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ ድምፁን እሰማለሁ። "ይሁን" አለ ሙዓዝ።

እኛ ቤት ይገቡ የነበሩትን ልጆች ሁሉ እዚያ በር ላይ ቆሞ ማስገባት ጀመረ። ቀና ብለው አያዩትም። "አቦ ሙዓዝ" ብለው ትከሻውን መታ አድርገው ያልፋሉ። እኔ ጓዳየ ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ድምፁ ሲሰማኝ ሥራየን እቀጥላለሁ። ጁምዓ መሄድ እንደቀነሰ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መስጊድ ሲሄድ ከኋላ፣ ጫማ መደርደሪያው ዘንድ ሰግዶ ቶሎ ይወጣ ነበር አሉኝ፤ ቀጥሎ እሱንም ተወው።

አንድ የጨዋታ ቀን ሰዉ ከልክ አለፈ፤ አስተናጋጇ ታማ ቀርታለች። ጋሽ ወንዳወቅ ብቻውን ሲራወጥ ሙዓዝ በሩ ላይ ቆሞ ማየት አልቻለም፤ አሳድጌዋለሁ፣ አይችልም። የቢራውን ሳጥን ተሸክሞ ገባ። ግድግዳውን አልፎ አንድ የማላውቀው ሰው ሲጮህ ሰማሁ፤ "የያህያ ልጅ! ወዲህም ሁለት ጨምር!" ሰዉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋታ ነው። ያህያ ያን ቤት ቁና ሙሉ ወርቅ ቢሰጡት አይረግጠውም ነበር።

ሲመለስ በቀጥታ ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄደ። በሳሙና እጁን ታጠበ። እንደገና ታጠበ። እስከ ክርኑ አድርሶ ታጠበ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

"እማየ፣ ሽታው ለቆኛል?"

አሸተትሁ። አለቀቀውም ነበር። "ለቆሃል ልጀ" አልሁት።

አላመነኝም፤ ተመልሶ ሊታጠብ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሳየው ከስቷል፤ የአንገቱ አጥንት ቆሟል። "መንገድ" የምትለዋን ቃል ካነሣ ስንት ጊዜው ነው ብየ አሰብሁ። ትቷታል። የፈራሁት እሷን ነበር፤ እሷ ሄዳ ምን እንደተረፈኝ ያን ጊዜ አየሁ። ልጄን አላስቀረሁትም፤ ልጄ ከሄደ ቆይቷል፤ እዚህ ያለው እኔን ላለማስከፋት የሚተነፍስ ሰው ነው። እንዲህ አስቀምጬ ልገድለው ነው አልሁ። እዚያ ባሕር አለ፤ ጥማት አለ፤ ሰው ሻጭ አለ፤ እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ።

"ሙዓዝ" አልሁት።

"ወይ።"

"ሂድ።"

ቀና አለ፤ እጁ ላይ አረፋው እንዳለ ነው። "ወዴት?"

"የምትሄድበትን አንተ ታውቃለህ።"

ቧንቧውን ሳይዘጋ ቆመ። መጀመሪያ የተቆጣሁ መሰለው፤ "ምን አጠፋሁ እማየ?" አለኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነገርሁት። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያን ልቅሶ አውቀዋለሁ፤ የእስር ቤት በር ሲከፈትለት ሰው እንደዚያ ያለቅሳል። ይህንን እያወቅሁ አቀፍሁት። እኔ አላለቀስሁም።

የሚሄድ ለት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ በጋሪ ሄድን። ባጃጅ ብንይዝ ቶሎ ይደርሳል ብየ ጋሪ ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ወንዳወቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አቅፎ ሳመው፤ እኔን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። እህተ ማርያም ከኋላው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሁለቱም ምንም አላጠፉም። ይህን እያሰብሁ ነው ጋሪው ላይ የወጣሁ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል። ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ" ይላል። ሙዓዝ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገና ሁለት እጄን ያዘ።

"ዱዓ አርጊልኝ እማየ።"

መዳፌን ከፈትሁ። ለአብዱሰመድ እዚሁ ቆሜ ዱዓ አድርጌለት ነበር። ከባሕሩ ጠብቀው ብየ ነበር። ውኃ አታሳጣው፣ ከክፉ ሰው እጅ አትጣለው፣ ድምፁን አሰማኝ ብየ ነበር። ያላልሁት ነገር አልነበረም፤ የማውቀውን ሁሉ ለምኜ ጨርሼለት ነበር። ከንፈሬን አላቀቅሁ፤ ቃል አልመጣም። ያንኑ ደግሜ እንዳልለው ለአብዱሰመድ ምን እንደፈየደለት አይቻለሁ፤ ሌላ ደግሞ አላውቅም። መዳፌን ዘርግቼ ባዶ አፌን ከፍቼ ቆምሁ።

ሙዓዝ ፊቴን አየ። ገባው። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና የእሱን መዳፍ ከፈተ።

"ያ ረቢ" አለ፤ "እናቴን ጠብቅልኝ። ብቻዋን ናት፤ ደጃፏን ሰው አታሳጣው፤ እንቅልፏን መልስላት።" ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። ሙዓዝ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና አየኝ።

"አሚን በይ እንጅ፣ እማየ።"

"አሚን" አልሁ።